ራም ላይ የሚኖር ፋይል ሲስተም፦ ገደቡን እንዴት እናያለን፣ እንዴት እንሞክራለን፣ እንዴት እንለውጣለን

ዲስኩ ላይ 200 ጊጋባይት ነጻ ቦታ አለ። ፕሮግራሙ ግን «ቦታ አልቋል» ብሎ ሥራውን ያቋርጣል። ዲስኩን ደጋግማችሁ ብታዩትም አልሞላም። እንዲህ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ «ፋይሉ የሚጻፈው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚጻፍበት ቦታ ጭራሽ ዲስክ ላይ ላይሆን ይችላል።

ሊኑክስ ላይ የተወሰኑ ዳይሬክቶሪዎች የሚኖሩት ራም ውስጥ ነው። ይህን የሚሠራው ፋይል ሲስተም ቲኤምፒኤፍኤስ ይባላል። ሲያዩት እንደማንኛውም ዳይሬክቶሪ ነው። ፋይል ይፈጠርበታል፣ ይነበባል፣ ይጠፋል። ይዘቱ ግን ያለው ሜሞሪ ላይ ነው፤ ሜሞሪ ሲጠብ ደግሞ ወደ ስዋፕ (ለራም መጠባበቂያ ወደሆነው የዲስክ ቦታ) ሊሄድ ይችላል። ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። የቲኤምፒኤፍኤስ ገደብ ጣሪያ ነው እንጂ ቀድሞ የተያዘ ቦታ አይደለም። የ8 ጊጋ ገደብ ያለው ባዶ ቲኤምፒኤፍኤስ ከራማችሁ የሚወስደው ከምንም አይቆጠርም። የሚወስደው የተጻፈበትን ያህል ነው። ይህ ደስ ይላል፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ጣሪያ መስጠት ምንም ስለማያስከፍል ሁሉም በለጋስነት ይሰጣል፤ ተደምሮ ሲታይ ግን ማሽኑ ያለውን ራም ያልፋል።

ስለ ትዕዛዞቹ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የምጽፋቸው በአነባበባቸው ነው። ተርሚናሉ ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ትተይቧቸዋላችሁ። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

## አንደኛ፦ ምን ምን እንዳለ ማየት

የመጀመሪያው ትዕዛዝ ይህ ነው፦

ዲኤፍ -ኤች -ቲ ቲኤምፒኤፍኤስ

አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓይነት መስመር ታገኛላችሁ። /ዴቭ/ኤስኤችኤም ፕሮሰሶች (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞች) ሜሞሪ የሚጋሩበት ነው። /ራን የሲስተሙ አገልግሎቶች የአሂድ ጊዜ መረጃቸውን የሚያስቀምጡበት ነው። /ራን/ዩዘር ስር ደግሞ ለገባ ተጠቃሚ ሁሉ በየመለያ ቁጥሩ አንድ አንድ አለ። አራተኛው /ቲኤምፒ ነው፤ እሱ ግን እንደ ሊኑክስ ስርጭቱ (እንደ ፌዶራ ወይም ዴቢያን) ይለያያል። ፌዶራ ከ18ኛው ስሪት ጀምሮ /ቲኤምፒን ራም ላይ አድርጎታል። ዴቢያን ይህን ልማድ አድርጎ የወሰደው በ13ኛው ስሪት በ2025 ነው። ስለዚህ ዴቢያን 12 ላይ ዲስክ የነበረው /ቲኤምፒ ካሻሻላችሁ በኋላ ራም ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ።

አሁን ገደቦቹን እንደምር። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ራሱ መጠን ካልተነገረው ለአንድ ቲኤምፒኤፍኤስ የራሙን ግማሽ ይሰጣል፤ ስዋፕ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳና የሚያስተዳድር ፕሮግራም) በሚጠቀም ማሽን ላይ የተለመደው ድልድል ለ/ቲኤምፒ 50%፣ ለ/ዴቭ/ኤስኤችኤም 50%፣ ለ/ራን 20%፣ ለእያንዳንዱ የገባ ተጠቃሚ ደግሞ 10% ነው። 16 ጊጋ ራም ላይ ሲሰላ 8፣ 8፣ 3.2 እና 1.6 ይሆናል። ድምሩ 20.8 ጊጋ። ማንም ምንም ሳይነካ፣ አንድ ሰው ብቻ ገብቶ፣ ጣሪያዎቹ ከራሙ በልጠዋል።

በአዘቦት ቀን ይህ ችግር አይፈጥርም፤ አራቱም አንድ ላይ የሚሞሉበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም። ግን /ቲኤምፒ እና /ዴቭ/ኤስኤችኤም ለሁሉም ተጠቃሚ ክፍት መሆናቸውን አትርሱ። ተራ ተጠቃሚ፣ ያለ ሩት (የዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድ፣ ሁለቱም ላይ መጻፍ ይችላል። እኔ ማሽን ስረከብ መጀመሪያ የማየው እነዚህን ሁለቱን ነው።

## ሁለተኛ፦ ሜሞሪውን የያዘው ማነው?

ፍሪ -ኤች ብላችሁ ስትሰጡ «ሼርድ» የሚል ዓምድ አለ። ብዙ ሰው ያልፈዋል። ለእኛ ግን ዋናው እሱ ነው፤ ቲኤምፒኤፍኤስ ላይ የተጻፈው ሁሉ እዚያ ይቆጠራል። ተመሳሳዩ ቁጥር /ፕሮክ/ሜምኢንፎ ውስጥ «ሽሜም» በሚል ስም ይገኛል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ይኸው ሜሞሪ «በፍ/ካሽ» በሚለው ዓምድ ውስጥም ተደምሮ ይታያል። «ካሽ ነው፣ ከርነሉ ሲፈልግ ይለቀዋል» ተብሎ ይታለፋል። የዲስክ ካሽ በእርግጥ ይለቀቃል፤ ዋናው ቅጂ ዲስክ ላይ ስላለ ከርነሉ ጥሎት መልሶ ሊያነበው ይችላል። የቲኤምፒኤፍኤስ ፋይል ግን ሌላ ቅጂ የለውም። ወይ ስዋፕ ላይ ይወጣል፣ ወይ ባለበት ይቀመጣል። ስለዚህ ካሹ 6 ጊጋ፣ ሼርዱ 5 ጊጋ ከሆነ ልትተማመኑበት የምትችሉት ካሽ 1 ጊጋ ገደማ ብቻ ነው። «አቬይለብል» የሚለው ዓምድ ይህን ስለሚያሰላ ከሌሎቹ ይልቅ እሱን እመኑ።

ከዚያ የትኛው ዳይሬክቶሪ እንደሆነ ፈልጉ፦

ዲዩ -ኤክስኤስኤች /ቲኤምፒ /ዴቭ/ኤስኤችኤም /ራን

የዲዩ ድምር ከዲኤፉ በብዙ ካነሰ የተሰረዘ፣ ግን አሁንም የተከፈተ ፋይል አለ ማለት ነው። ፋይል ስትሰርዙ የሚጠፋው ስሙ ነው። የከፈተው ፕሮሰስ እስካልዘጋው ድረስ ሜሞሪው አይለቀቅም። እንዲህ ታገኙታላችሁ፦

ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1

እዚህ ላይ «ኤል» ትልቅ ፊደል ነው። ከሚወጣው ዝርዝር የፕሮሰሱን ስምና ቁጥር ታገኛላችሁ። አገልግሎቱን ሪስታርት ስታደርጉ ቦታው ይመለሳል።

ሽሜም የሚለው ቁጥር በዲኤፍ ካያችኋቸው ሁሉ ድምር ሊበልጥም ይችላል። ፕሮሰሶች በማውንት (ፋይል ሲስተም ከዳይሬክቶሪ ጋር በሚያያዝበት ቦታ) ላይ በማይታይ መንገድ ሜሞሪ ይጋራሉ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ዋናውን የጋራ ሜሞሪውን በዚህ መንገድ ነው የሚይዘው። በአሮጌው የሲስተም ፋይቭ ዘዴ የተያዘውን ደግሞ አይፒሲኤስ -ኤም ያሳያችኋል። በዲኤፍ ስለማይታይ የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም።

## ሦስተኛ፦ በትንሽ ገደብ መሞከር

ጣሪያው ሲነካ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ በዓይናችሁ እዩት። በሩት ሆናችሁ፣ ማንም የማይጠቀምበት ቦታ ላይ፣ 64 ሜጋ ብቻ ስጡ፦

ኤምኬዲር /ኤምኤንቲ/ላብ
ማውንት -ቲ ቲኤምፒኤፍኤስ -ኦ ሳይዝ=64ኤም,ሞድ=0700 ላብ /ኤምኤንቲ/ላብ

አሁን 100 ሜጋ ለመጻፍ ሞክሩ፦

ዲዲ ኢፍ=/ዴቭ/ዜሮ ኦፍ=/ኤምኤንቲ/ላብ/ሙሉ ቢኤስ=1ኤም ካውንት=100

«1ኤም» የሚለው ውስጥ ያለው ኤም ትልቅ ፊደል ነው። ዲዲ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። ከስሕተት መልእክቱ በታች የገባው 65፣ የወጣው 64 መሆኑን ይነግራችኋል። 65ኛውን ሜጋ አንብቦታል፣ የሚያስቀምጥበት ግን አጣ። የተጻፈው 67,108,864 ባይት ነው፤ 64 ሲባዛ 1024 ሲባዛ 1024 ማለት ነው።

ይህ ጨዋው አወዳደቅ ነው። ፕሮግራሙ ስሕተቱን ይቀበላል፣ ለእናንተም ይነግራል። ጨዋ ያልሆነም አለ። ፋይሉን ሰርዙና ይህን ስጡ፦

ትራንኬት -ኤስ 1ጂ /ኤምኤንቲ/ላብ/ባዶ

«ጂ» ትልቅ ፊደል ነው። 64 ሜጋ ላይ የ1 ጊጋ ፋይል ተፈጠረ፤ ስሕተት የለም። ኤልኤስ -ኤል ብትሉ 1 ጊጋ ይላል፣ ዲዩ ብትሉ ዜሮ ይላል። ርዝመቱ ተመዘገበ እንጂ ገጾቹ (ሜሞሪ የሚታደልባቸው ቁርጥራጮች) ገና አልተያዙም። አንድ ፕሮግራም ይህን ፋይል በኤምማፕ ወደ ራሱ አድራሻ አስገብቶ መጻፍ ቢጀምር 64 ሜጋው እስኪያልቅ ሰላም ነው። ከዚያ ቀጣዩን ገጽ ሲነካ ከርነሉ ስሕተት የሚመልስበት መንገድ የለውም፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ተራ የሜሞሪ ጽሑፍ ነው ያካሄደው፣ መልስ የሚጠብቅ ጥሪ አላደረገም። ስለዚህ ሲግባስ የሚባለውን ሲግናል ይልክበታል። ፕሮግራሙ «ባስ ኢረር» ብሎ ክው ይላል።

ይህን መልእክት ሲያይ ብዙ ሰው የራም ሃርድዌሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ከመሮጣችሁ በፊት /ዴቭ/ኤስኤችኤምን በዲኤፍ እዩት። ፕሮግራም ለምትጽፉ ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፋይሉን በትራንኬት ብቻ ከማስረዘም ይልቅ በፖዚክስ_ኤፍአሎኬት ቦታውን አስቀድማችሁ ያዙ። ያኔ ቦታ ከሌለ ገና በመነሻው፣ በሥርዓቱ ይነገራችኋል።

ስትጨርሱ ዩማውንት /ኤምኤንቲ/ላብ በሉ። ውስጡ ያለው ሁሉ ያለ ምንም ጥያቄ ይጠፋል።

## አራተኛ፦ ቁጥሩን መምረጥ

በመቶኛ አትጀምሩ። ቢበዛ ማሽኑ ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚያስፈልገው አስቡና ከቀረው ላይ አካፍሉ።

የ16 ጊጋ ሰርቨር እንውሰድ። ዳታቤዙ ሥራ ሲበዛበት 9 ጊጋ ይደርሳል እንበል። ሌሎቹ አገልግሎቶች 2 ጊጋ ይወስዳሉ። ለከርነሉና ለዲስክ ካሽ ቢያንስ 2.5 ጊጋ እንተው፤ ዳታቤዝ ያለ ካሽ መሥራት ማለት ዲስኩን ማሠቃየት ነው። የቀረው 2.5 ጊጋ ነው። ለ/ቲኤምፒ 1 ጊጋ፣ ለ/ዴቭ/ኤስኤችኤም 1 ጊጋ፣ ለሚገባው አንድ አስተዳዳሪ 128 ሜጋ። /ራንን እኔ አልነካውም። በዋናነት የሚጽፉበት ሩትና የሲስተሙ አገልግሎቶች ናቸው፣ በተግባር የሚይዘውም ትንሽ ነው። 100 ሜጋ እንያዝለት። ድምሩ 2.5 ውስጥ ይገባል።

«1 ጊጋ ለ/ቲኤምፒ አይበቃኝም» የምትሉ ካላችሁ ጣሪያውን ከማሳደጋችሁ በፊት ማን እንደሚጽፍበት እዩ። ትልልቅ ፋይል የሚደረድረው ሶርት፣ የሚጠቀለል ባካፕ፣ የሚጫን ጥቅል፣ እነዚህ ራም ላይ መሆን የለባቸውም። ለዚህ የተሠራ ቦታ አለ፦ /ቫር/ቲኤምፒ። እሱ እንደ ልማዱ ዲስክ ላይ ነው፣ ሪስታርትም አያጠፋውም። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች «ቲኤምፒዲር» የሚለውን ተለዋዋጭ ስለሚያከብሩ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ /ቫር/ቲኤምፒን ብትሰጡት ይበቃል። ሶርት ለብቻው -ቲ የሚል አማራጭ አለው፤ «ቲ» ትልቅ ፊደል ነው። አንድን ከባድ ሥራ ማዛወር ለሁሉም ጣሪያ ከመክፈት ይሻላል ባይ ነኝ።

## አምስተኛ፦ ማሽኑ እየሠራ መለወጥ

ምንም ነገር ማቆም አያስፈልግም፦

ማውንት -ኦ ሪማውንት,ሳይዝ=1ጂ /ቲኤምፒ

ፋይሎቹ ባሉበት ይቆያሉ፣ የተከፈቱትም አይዘጉም። ወዲያው ዲኤፍ ብትሉ አዲሱን መጠን ታያላችሁ። ማሳደግ ሁልጊዜ ይሠራል። መቀነስ የሚሠራው አሁን የተያዘው ከአዲሱ መጠን ካልበለጠ ነው። 3 ጊጋ የተያዘበትን 1 ጊጋ አድርግ ብትሉት ከርነሉ እምቢ ይላል፤ ፋይል ቆርጦ አይጥልም። መጀመሪያ አጽዱ፣ ከዚያ ቀንሱ።

«ሪማውንት» የሚለውን ቃል እንዳትዘሉት። ከዘለላችሁት በአሮጌው ላይ አዲስ ባዶ ቲኤምፒኤፍኤስ ይደረብበታል። የድሮዎቹ ፋይሎች ከእይታ ይሰወራሉ፣ ሜሞሪውን ግን ይዘው ይቀጥላሉ። ከሥር የከፈቷቸው ፕሮግራሞች እዚያው መጻፋቸውን አይተዉም፣ አዲሶቹ ደግሞ ከላይ ይጽፋሉ። ይህ ከደረሰባችሁ አንድ ጊዜ ዩማውንት ብላችሁ የላዩን አንሱ።

መጠኑን በኬ፣ በኤም፣ በጂ ወይም በመቶኛ መስጠት ይቻላል። ሳይዝ=0 ማለት ግን «ዜሮ» ማለት አይደለም፤ «ገደብ የለህም» ማለት ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ አንዴ ያለ ገደብ ማውንት የተደረገን ቲኤምፒኤፍኤስ በሪማውንት መገደብ አይቻልም። ከርነሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ገደብ አያስገባም። ዩማውንት አድርጎ እንደገና መጀመር ብቻ ነው መውጫው፤ /ቲኤምፒ ላይ ከሆነ ደግሞ ሪስታርት ማለት ነው ማለት ይቻላል።

## ስድስተኛ፦ ከሪስታርት በኋላም እንዲቆይ

ለ/ቲኤምፒ እና ለ/ዴቭ/ኤስኤችኤም ቀላሉ መንገድ /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ ነው፦

ቲኤምፒኤፍኤስ /ቲኤምፒ ቲኤምፒኤፍኤስ ኖሱዊድ,ኖዴቭ,ሞድ=1777,ሳይዝ=1ጂ 0 0
ቲኤምፒኤፍኤስ /ዴቭ/ኤስኤችኤም ቲኤምፒኤፍኤስ ኖሱዊድ,ኖዴቭ,ሞድ=1777,ሳይዝ=1ጂ 0 0

ሲስተምዲ ይህን ፋይል በቡት ጊዜ አንብቦ ከራሱ ልማድ ያስቀድመዋል። በሲስተምዲ መንገድ መሥራት ከመረጣችሁ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ቲኤምፒ.ማውንት በሉና «ማውንት» በሚለው ክፍል ስር «ኦፕሽንስ» የሚለውን መስመር ጻፉ፤ የሁለቱም መነሻ ትልቅ ፊደል ነው። ልብ በሉ፣ የእናንተ መስመር የድሮውን ሙሉ በሙሉ ይተካዋል። ሳይዝ ብቻ ጽፋችሁ ብትወጡ ኖሱዊድ እና ኖዴቭ የሚባሉት መከላከያዎች ይቀራሉ። ሁሉንም ደግማችሁ ጻፉ። በመቶኛ ከሆነ ደግሞ የመቶኛ ምልክቱ ሁለት ጊዜ ይደገማል፦ 10%%። ኤፍኤስታብ ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ።

/ቲኤምፒ ጭራሽ ራም ላይ እንዳይሆን ከፈለጋችሁ ሲስተምሲቲኤል ማስክ ቲኤምፒ.ማውንት ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ።

/ራን/ዩዘር በኤፍኤስታብ አይሆንም። ተጠቃሚው ሲገባ የሚፈጠር፣ ሲወጣ የሚጠፋ ነገር ነው። የእሱ ገደብ ያለው /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሎጂንዲ.ኮንፍ ውስጥ «ራንታይምዳይሬክቶሪሳይዝ» (የሦስቱም ቃላት መነሻ ትልቅ ፊደል ነው) በሚለው መስመር ነው፤ ልማዱ 10% ነው። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበት ማሽን ካላችሁ ይህች መስመር ብቻዋን የራሙን 100% እንደ ጣሪያ ትሰጣለች። ለውጡ የሚሠራው ተጠቃሚው እንደ አዲስ ሲገባ ነው።

ሲያልቅ ሪስታርት አድርጋችሁ ፋይንድኤምኤንቲ -ቲ ቲኤምፒኤፍኤስ በሉ። መጠኑና አማራጮቹ በየመስመሩ ይታያሉ።

## ባይት ሳያልቅ የሚያልቅ ነገር

አንዳንዴ ዲኤፍ 90% ነጻ ነው እያለ ፋይል መፍጠር ያቅታል። የስሕተት መልእክቱ ያው «ቦታ የለም» ነው። ያለቀው አይኖድ ነው፣ የፋይሎቹ ብዛት ማለት ነው። ዲኤፍ -አይ ብላችሁ እዩት።

ይህ ገደብ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። ሳይዝ የሚቆጥረው የፋይሉን ይዘት ነው። የፋይሉ ስምና መዝገብ የሚኖረው በከርነሉ የራሱ ሜሞሪ ውስጥ ሲሆን ከሳይዝ ላይ አይቀነስም። ገደብ ባይኖር አንድ ሰው ሚሊዮን ባዶ ፋይሎችን ፈጥሮ፣ ሳይዝ ላይ ዜሮ እያሳየ፣ ራሙን መብላት ይችላል። ከርነሉ ካልተነገረው በስተቀር የራሙን ገጾች ብዛት ግማሽ ያህል አይኖድ ይፈቅዳል። ለመለወጥ «ኤንአር_አይኖድስ» የሚለውን ከሳይዝ ጎን ጻፉ። 100 ብትሰጡ መፍጠር የምትችሉት 99 ፋይል ነው፤ አንዱ ለማውንቱ ለራሱ ዋና ዳይሬክቶሪ ይሄዳል።

ትንንሽ ፋይሎች በሌላ መንገድም ያስወድዳሉ። ቦታ የሚያዘው በገጽ ነው፤ በብዙ ማሽኖች አንድ ገጽ 4,096 ባይት ነው። 100,000 ፋይሎች እያንዳንዳቸው 100 ባይት ቢኖራቸው መረጃው 10 ሜጋ ገደማ ነው። ራም ላይ የሚይዙት ግን 390 ሜጋ ገደማ ይሆናል። ሴሽን ወይም ካሽ በትንንሽ ፋይል የሚያስቀምጥ አፕሊኬሽን ካላችሁ ስሌታችሁን በፋይል ብዛት አድርጉት።

## ስዋፕ፣ እና ሜሞሪው በእውነት ሲያልቅ

ስዋፕ ካለ ከርነሉ ብዙ ያልተነኩ የቲኤምፒኤፍኤስ ገጾችን ወደዚያ ያወጣል። ይህ ይጠቅማል። ተረስቶ የተቀመጠ ፋይል ራም ላይ ከሚተኛ ስዋፕ ላይ ቢተኛ ይሻላል። ግን ሚስጥራዊ ቁልፍ «ራም ላይ ነው፣ ዲስክ አይነካም» ብላችሁ ያስቀመጣችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ በስዋፕ በኩል ዲስክ ሊነካ ይችላል። ከርነል 6.4 ጀምሮ «ኖስዋፕ» የሚል የማውንት አማራጭ ለዚህ መጥቷል። ዋጋው ግልጽ ነው፦ ያ ፋይል ከራም አይወጣም። ስለዚህ ኖስዋፕ ስትጠቀሙ ሳይዙን በጣም አጥብቁ፤ ለቁልፍ ጥቂት ሜጋ ይበቃል።

ስዋፕ ከሌለ ወይም ከሞላ ኦኦኤም ኪለር ይነሳል። ሥራው ትልቅ ሜሞሪ የያዘ ፕሮሰስ መርጦ መግደል ነው። ፋይል ግን ፕሮሰስ አይደለም። /ቲኤምፒ ላይ 8 ጊጋ ቆሻሻ ቢቀመጥ ኦኦኤም ኪለር ዳታቤዛችሁን ይገድላል፣ ቆሻሻው ግን አይነካም። ዳታቤዙ ተነስቶ ሲያድግ ደግሞ ይገደላል። የከርነሉ መመሪያ ራሱ፣ ቲኤምፒኤፍኤስ ከልክ በላይ ከተለቀቀ ማሽኑ ሊቆለፍ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ሎግ ላይ አንድ አገልግሎት ደጋግሞ እየተገደለ፣ የፕሮሰሶቹ ሜሞሪ ተደምሮ ግን ራሙን የማይሞላ ከሆነ ሽሜምን እዩ።

## ኮንቴይነር ውስጥ

እዚህ ሁለት ገደብ አለ፤ ሁለቱን መለየት ግድ ነው።

አንደኛው የማውንቱ ነው። ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻ በተከለለ ቦታ የሚያሄድ መሣሪያ) ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር /ዴቭ/ኤስኤችኤም ሲሰጥ ልማዱ 64 ሜጋ ብቻ ነው። ብሮውዘር በኮንቴይነር ውስጥ የሚወድቀው፣ ፖስትግሬስ ትይዩ መጠይቅ ሲያሄድ የጋራ ሜሞሪ ማስፋት አልቻልኩም የሚለው፣ ፓይቶርች ዳታ ሲጭን በባስ ኢረር የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ዶከር ራን ስትሉ ይህን ጨምሩ፦

--ኤስኤችኤም-ሳይዝ=1ጂ

ሁለተኛው የኮንቴይነሩ ራሱ የሜሞሪ ገደብ ነው፤ ሲግሩፕ የሚባለው የከርነል ክፍል ነው የሚያስከብረው። ቲኤምፒኤፍኤስ ላይ የተጻፈ ገጽ መጀመሪያ በነካው ሲግሩፕ ሒሳብ ላይ ይመዘገባል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። 64 ጊጋ ያለው ማሽን ላይ ኮንቴይነሩን በ1 ጊጋ ገድባችሁታል። ሳይዝ ሳትሰጡ አንድ ቲኤምፒኤፍኤስ ጨመራችሁበት። ውስጥ ገብታችሁ ዲኤፍ ብትሉ 32 ጊጋ ይላል፤ የአስተናጋጁን ራም ግማሽ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ይህን አምኖ መጻፍ ይጀምራል። ወደ 1 ጊጋ ሲጠጋ «ቦታ የለም» የሚል መልእክት አይመጣም። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለ ፕሮሰስ ይገደላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሳይዝ ስጡ፣ ያም ከኮንቴይነሩ ገደብ በደንብ ያነሰ ይሁን፦

--ቲኤምፒኤፍኤስ /ቲኤምፒ:ሳይዝ=128ኤም

ከሁለቱ ሞቶች ፕሮግራሙ ስሕተት ተቀብሎ የሚናገርበት ይሻላል። ኩበርኔቲስ (ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሥርዓት) ላይ ኤምፕቲዲር የሚባለውን ቮሊዩም ሚዲየሙን ሜሞሪ ስታደርጉትም ነገሩ ያው ነው፤ ሳይዝሊሚት ጻፉለት፣ የፖዱን (አብረው የሚሄዱ ኮንቴይነሮች ስብስብ) የሜሞሪ ገደብ ስታሰሉም ደምሩት። በሲግሩፕ ሁለተኛ ስሪት ምን ያህል እንደተያዘ ለማየት የኮንቴይነሩን ሜሞሪ.ስታት ፋይል ከፍታችሁ «ሽሜም» የሚለውን መስመር አንብቡ።

## ራምኤፍኤስና ሌሎቹ

ሊኑክስ ላይ ራምኤፍኤስ የሚባል ታላቅ ወንድምም አለ። ገደብ የሚባል ነገር አያውቅም። ሳይዝ ብትጽፉለት አይቃወምም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ወደ ስዋፕም አይወጣም። መጻፍ የሚችል ማንኛውም ሰው ማሽኑን ሊጥለው ይችላል። የድሮ መመሪያዎች «ራምኤፍኤስ በሳይዝ 512 ኤም» ሲሉ ብታገኙ ያ ቁጥር ምንም አይሠራም፤ ቃሉን ወደ ቲኤምፒኤፍኤስ ቀይሩት።

ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተምም ቲኤምፒኤፍኤስ አለው፤ በኤፍኤስታብ የሚጻፈውም ከሞላ ጎደል ይመሳሰላል። ልማዱ ግን ግማሽ አይደለም። ሳይዝ ካልሰጣችሁት ጣሪያው ያለው ነጻ ሜሞሪና ስዋፕ በአንድነት ነው። ከሊኑክስ የተገለበጠ መስመር ሳይዝ ከሌለው እዚያ ሌላ ትርጉም ስለሚይዝ፣ ፍሪቢኤስዲ ላይ ሳይዝ የሌለው የቲኤምፒኤፍኤስ መስመር አትተዉ።